ጀርባችንን ለሥዕሉ ሰጥተን

ባለፈው እሑድ፣ ዳንግላ ውስጥ ከምናመልክበት አዳራሽ ስንወጣ፣ ወጣቱ ፓስተራችን ናሆም ክንዴን ያዝ አድርጎ ከሰዉ ራቅ ወዳለ ጥግ ወሰደኝ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ግቢው ውኃ አቁሯል። «እማማ ስንዱ፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለኝ። ደስ የሚል ዜና አለኝ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሊያሸክም ነውና፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ጠበቅሁት።

ዜናው ይህ ነበር፦ በከተማው ያለን የወንጌል አማኞች ከካቶሊኮች ጋር ሆነን ለአገር ሰላም በአንድ አዳራሽ ልንጸልይ ነው። መዝሙሩ የጋራ፣ ጸሎቱ የጋራ። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶችም አሉ። የመክፈቻውን ጸሎት እንዳደርስ የታሰብኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዕድሜም በእምነትም ከቆዩት አንዷ ስለሆንኩ።

«ማነው ያሰበው?» አልኩት።

«ሁላችንም ነን እማማ።»

«ሁላችንም ማለት እኮ፣ መጀመሪያ ያነሳው ሰው አይታወቅም ማለት ነው።»

ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲሰብክ ላብ በላብ ይሆናል፤ የታመመ ሳይጠይቅ አያድርም። «ይጠራጠራሉ እንዴ? ለሰላም እኮ ነው!» አለኝ። ለሰላም መጸለይን ማን ይጠላል? መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የዘመድ ደኅንነት በማይታወቅበት ዘመን ጸሎት አነሰን እንጂ አልበዛብንም። ቢሆንም መጠርጠሬን አልደበቅሁትም። «አዎ፣ እጠራጠራለሁ። አስቤበት እደውልልሃለሁ» ብዬው ተለየሁት።

ባጃጅ ሳልይዝ፣ ጭቃውን እየመረጥሁ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። እግሬ ዳንግላ ይራመድ እንጂ ሐሳቤ ቆሰበር ገብቶ ነበር። ዛሬ እንጅባራ የሚላት ይበዛል፤ እኔ ግን ያደግሁባት ከተማ ናትና ድሮ በምጠራት ስም ነው የምጠራት።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ እስካገኝ እናቴ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። እናቴ ጥሩዬ የጥርባ ገበሬ ልጅ ናት። አባቴ ሲሞት ወደ ከተማ ወጥታ፣ የቀርከሃ ቅርጫት እየሠራች፣ አንዳንዴም አዘና ገበያ ድረስ ተሸክማ እየወረደች አሳደገችኝ። አማርኛን ለገበያ ታውቀዋለች። ለመሸጥ፣ ለመከራከር፣ ሰላም ለማለት ይበቃታል። ስታለቅስና ስትጸልይ ግን በእናት ቋንቋዋ በአዊኛ ነው።

መጀመሪያ ወንጌልን የተቀበልሁ እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት እያለሁ። እሷ ከብዙ ቁጣና ከብዙ ዝምታ በኋላ ተከተለችኝ። ስብከት ሲሰበክ ከጎኗ ሆኜ ጆሮዋ ሥር ወደ አዊኛ እመልስላታለሁ። አስተርጓሚነት የሚያስተምረው ነገር አለ። ሰባኪው ሲረዝምብኝ አሳጥረው ነበር፤ ሲቆጣ አለዝበው ነበር፤ ያልገባኝን ደግሞ ዘልዬው አልፋለሁ። ስለዚህ በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ ቃል የሚያቀብል ሰው ምን ያህል ነገር በእጁ እንዳለ ገና በወጣትነቴ አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚ ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

ጉባኤያችን ትንሽ ነበር፤ ሁላችንም ተሰብስበን አንድ ሳሎን አንሞላም። መሪያችን ጋሽ ታምሩ ይባላሉ፤ ከወለጋ ለትምህርት ቤት ግንባታ መጥተው በዚያው የቀሩ አናጢ ናቸው። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረዋል። ስለ እስር ቤቱ ብዙም አያወሩም፤ ሲያወሩም ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «የሚገርፈኝን አልፈራሁትም። ሲጋራ እያቀረበ ‹እኛና እናንተ የምንፈልገው አንድ ነው› የሚለኝን ነው የፈራሁት።»

ያን ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ተከራይተን የምናመልክባትን ቤት አጣናት። የቤቱ ባለቤት ክፉ ሴት አልነበረችም። የጎረቤት ቅሬታ በዛባትና እያፈረች ውጡልኝ አለችን። ሌላ የሚያከራየን ስናጣ እናቴ ከጓሮዋ ያለውን የቅርጫት መሥሪያ ዳሷን ለቀቀችልን። የቆሰበርን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር ያደርገዋል። ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና እስኪመሽ ይወርዳል፤ ሲያባራ ጭጋጉ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ጋሽ ታምሩ ሲሰብኩ ድምፃቸው በውኃው ይዋጣል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ገጹ አብጦ እንደ እርጥብ እንጀራ ይጣበቅ ጀመር። አንዲት አራስ ልጇን ይዛ መጥታ ሕፃኑ ሳምባው ተመታና ለሞት አሰጋ።

ሕፃኑን ያዳኑት ካቶሊኮቹ ናቸው። ከከተማው ዳር አንዲት ክሊኒክና አንድ አዳራሽ ነበራቸው። የዚያ ኃላፊ አባ ተስፋ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ዝምታ የሚያበዙ ካህን ናቸው፤ ከሰሜን መጥተው ብዙ ዓመት አገው ምድር የተቀመጡ። ሕፃኑ በዳነ በሳምንቱ ቦት ጫማቸውን ጭቃ አልብሰው ግቢያችን ገቡ። እናቴ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ ነበር። ጎንበስ ብለው በአዊኛ ሰላም አሏት፤ የገበያ አዊኛ እንዳይመስላችሁ፤ የጥርባ ሰው ከሩቅ የመጣ ዘመዱን በሚቀበልበት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ማሳ እየተጠያየቀ በሚያስረዝመው ሰላምታ ነው። እናቴ ቢላዋዋን ጥላ ብድግ አለች፤ ፊቷ ሁሉ በራ።

እኔ ግን ጠረጠርሁ። የሰው ቋንቋ ተምሮ የሚመጣ እንግዳ ወይ ወዶሃል፣ ወይ ፈልጎሃል። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ከሰላምታው አይታወቅም።

አባ ተስፋ ዳሱን ዞር ብለው አዩትና «በዚህ ውስጥ እግዚአብሔርን ስታመልኩ እኛ ደረቅ አዳራሽ ቆልፈን መቀመጣችን ኃጢአት ይሆንብናል። ክረምቱን እዚያ አሳልፉ። ኪራይ የለውም» አሉ።

በማግስቱ ስለዚሁ ለመምከር እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ድንች ተቀቅሎ በበርበሬና በጨው ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። ጋሽ ታምሩ «ወጥመድ ላይ ጥሬ የሚበተነው ለወፏ ታዝኖላት አይደለም» አሉ። «ዛሬ አዳራሽ ይሰጡናል። ነገ አብረን እንጸልይ ይላሉ። ከነገ ወዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው ይላሉ። መዳን በጸጋ ነው፣ መካከለኛውም አንድ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው ብለን ከዘመድ የተለያየንበትን እምነት ለጣሪያ ልንለውጠው ነው?»

አንዲት እህት «ሕፃኑ እኮ በእነሱ እጅ ነው የዳነ» አለች።

«እሱን አልክድም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ሐኪሙን ማመስገን ሌላ፣ መሠዊያውን መጋራት ሌላ።»

እናቴ የተባለውን ከኔ ሰማችና አጭር መልስ ሰጠች። ወደ አማርኛ መለስሁት፦ «ለክረምቱ እንግባ። ዓይናችንን ግን ገልጠን።»

እንዲሁ ሆነ። አዳራሹ ሰፊና ደረቅ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ችግሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ነበር። የድንግል ማርያም ትልቅ ሥዕል፣ ከሥሩም መብራት ማስቀመጫ። የመጀመሪያው እሑድ ገብተን ሁላችንም ቆመን ቀረን። ጋሽ ታምሩ «አንድ ጨርቅ ይሸፈንበት፤ ስንወጣ እንገልጠዋለን» አሉ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳወርድ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ቤቱ የሳቸው ነው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ የባለቤቱን የእናቱን ፎቶ ይሸፍናል?» አለች።

ጋሽ ታምሩ ይህን ሳስረዳቸው አገጫቸውን እያሻሹ ቆዩና፣ እንደ አናጢነታቸው አግዳሚ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዞሯቸው። ያን ክረምት በሙሉ ጀርባችንን ለሥዕሉ፣ ፊታችንን ለበሩ ሰጥተን አመለክን። ሰባኪው በሩን ተደግፎ ይሰብካል። አርፍዶ የሚመጣ ሰው ሰባኪውን ገፍቶ፣ ጉባኤውን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ስለሚገባ፣ ያ ክረምት ማርፈድን ፈጽሞ አስተወን።

አባ ተስፋ ወንበሮቹ መዞራቸውን አይተው እንዳሉ ተዉአቸው። አንዳንድ እሑድ ቅዳሴያቸውን ጨርሰው ይመጡና ከኋላ፣ ከሥዕሉ ሥር ካለው የመጨረሻ ወንበር ይቀመጣሉ። ጀርባችን ላይ ዓይን እንዳለ እየተሰማኝ መዘመር አልችልም ነበር። ምን ፈልገው ነው? መዝሙራችንን ሊማሩ? ሊቆጥሩን? አንድ ቀን ዞር ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነው ከኛ ጋር ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አገኘኋቸው፤ መዝሙሩን ያውቁታል። ይህን ለጋሽ ታምሩ ነገርኳቸው። «መዝሙር ማወቅ ኃጢአት አይደለም። ግን ልብ ብለሽ ማየትሽን አትተዪ» አሉኝ።

ከተማው ደግሞ በበኩሉ ፈርዶብናል። ቅዳሜ ገበያ ከእናቴ ጋር ቅርጫት ዘርግተን ተቀምጠን አንዲት ደንበኛችን «ጥሩዬ፣ ካቶሊክ ሆናችሁ አሉ?» አለቻት። እናቴ አይደለንም ስትላት «ያው ነው እቴ፤ ጴንጤውም ካቶሊኩም ለኛ ያው መጤ ነው» ብላ ቅርጫቷን ይዛ ሄደች። ሴትዮዋ ለክፋት አልተናገረችም። ጋሽ ታምሩን ግን ከስድብ ሁሉ የበለጠ ያቆሰላቸው ይህ ነበር። «አየሽ? አንድ ነገር ሳንፈርም፣ አንድ ነገር ሳንስማማ፣ አንድ አድርገውናል» አሉኝ።

ክረምቱ አለፈ፤ ቤት አላገኘንም። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጥር ገባ። የቆሰበር ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩን በውርጭ ያነጣዋል፤ ረፋድ ላይ ግን ፀሐዩ ሰማዩን ወለል ያደርገዋል። ያኔ ነው አባ ተስፋ፣ ጋሽ ታምሩ እንደፈሩት፣ ጥያቄያቸውን ይዘው የመጡት። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ካህን ሊጎበኟቸው ነው። በዚያው ለክርስቲያኖች አንድነት አብረን እንጸልይ።

ጋሽ ታምሩ ወዲያው እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀን ወስደው ጸለዩበትና ቅድመ ሁኔታ ይዘው ተመለሱ። «ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነበብ፤ ይዘመር፤ ጸሎቱ በኢየሱስ ስም ብቻ ይሁን። ለሥዕል አንሰግድም፤ ለማርያምና ለቅዱሳን የሚቀርብ ጸሎት አይግባበት። አዎ ካሉ እንመጣለን።»

አባ ተስፋ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ «ቃሌ ነው» አሉ።

በዕለቱ የተቸገርነው በወንበሩ ነበር። ወደ ሥዕሉ ይዙር ቢባል እኛ፣ ወደ በሩ ይዙር ቢባል እነሱ አንስማማም። ጋሽ ታምሩና አባ ተስፋ በግራና በቀኝ ተያይዘው ወንበሮቹን ወደ ጎን አዞሯቸውና፣ እኛ በአንድ ወገን፣ ካቶሊኮቹ በሌላ ወገን፣ እንደ ሽማግሌና እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ማን ሽማግሌ፣ ማን ተከሳሽ እንደሆነ ግን አልተለየም።

መጀመሪያ ሁሉም መልካም ሄደ። ከዮሐንስ ወንጌል ተነበበ። እኛ ዘመርን፤ እነሱ ዘመሩ። እንግዳው ካህን ፊታቸው ደግ የሆነ፣ ድምፃቸው የሚማርክ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ ፍቅር ተናገሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ እጃቸውን ወደኛ ወገን ዘርግተው እንዲህ አሉ፦ «ከቤት የወጡ ልጆቻችን ወደ እናታቸው ቤት ሲመለሱ እንደማየት ያለ ምን ደስታ አለ!»

ካቶሊኮቹ አጨበጨቡ። ከኛ ወገን ያጨበጨበ የለም። የጋሽ ታምሩ ጣቶች የወንበሩን ጠርዝ ጨበጡት። እኔ እንደልማዴ ለእናቴ ስመልስላት ኖሬያለሁና፣ አፌ ቀድሞኝ ቃሉን እንዳለ አቀብዬአት ነበር። ላለዝበው ጊዜ አልነበረኝም።

እናቴ ተነሣች። ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ በአዊኛ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ እንደምትጎነጉነው ቅርጫት አንዱን ቃል ካንዱ እያሰረች። ከኛ ወገን የሚሰሟት ነበሩ፤ ከነሱም ወገን። እንግዳውና ጋሽ ታምሩ ግን አንድ ቃል አይሰሙም።

ስትጨርስ እንግዳው ፈገግ ብለው ወደ አባ ተስፋ ዞሩ። «ምን አሉ እኚህ እናት?»

ያቺን ቅጽበት ዛሬም አልረሳትም። የተናገረችውን አውቃለሁ፤ ባስተርጓሚ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችልም አውቃለሁ። አባ ተስፋ «እያመሰገኑ ነው» ቢሉ ነገሩ በሰላም ያልቃል፤ አለቃቸው ይደሰታሉ፤ እናቴም መዋሸታቸውን አታውቅም። ለመነሣት ወንበሬን ለቅቄ እግሬን አስቀድሜ ነበር፤ ያን ያሉ እንደሆነ እዚያው ላጋልጣቸው።

አባ ተስፋ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ወለሉን እያዩ ጀመሩ።

«እንዲህ ነው ያሉት። ‹እኔ ከማንም ቤት የወጣሁ ልጅ አይደለሁም። ቅርጫቴን ስሠራ ከገዛ ቤቴ መጥቶ ያገኘኝ ጌታ ራሱ ነው።›» ቆም አሉ። «‹በዝናብ ጊዜ አዳራሻችሁን ሰጥታችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን።›»

እዚህ ላይ ያቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቀሪው ነበር ከባዱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ቀና ብለው አለቃቸውን እያዩ ጨረሱት።

«‹ነገር ግን ከዝናብ ያስጠለለ ሁሉ እናት አይባልም። ዛፍም ያስጠልላል› አሉ።»

አንድ ቃል አልጨመሩም፤ አንድ ቃል አልቀነሱም። ከካቶሊኮቹ ወገን አንድ ገበሬ ሳቁ አምልጦት አፉን በጋቢው ያዘ። የእንግዳው ፊት ጠየመ። «አልተረዱኝም» አሉ በቀስታ።

ጋሽ ታምሩ ተነሡ። «ተረድተንዎታል አባታችን። ችግሩ መረዳታችን ነው።» ድምፃቸው አልጠነከረም። «እርስዎ በፍቅር እንደተናገሩ አያለሁ። ግን ተመለሱ ያሉን እኛ መንገድ ላይ አልነበርንም። አብረን ልንጸልይ መጣን እንጂ ልንገባ አልመጣንም።»

በመጨረሻ አባ ተስፋ «ሁላችንም የምናውቀውን፣ ጌታ ያስተማረንን ጸሎት አድርሰን እንለያይ» አሉ። ቆምን። «አባታችን ሆይ» ብለን ጀመርን። ሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ጸሎት በአንድ ድምፅ ሲል መስማት፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ይቅርታውም፣ እንጀራውም፣ ከክፉው መዳኑም አንድ ነው። «አሜን» ብለን እኛ አፋችንን ዘጋን። እነሱ ግን እስትንፋስ እንኳ ሳይወስዱ፣ እንደለመዱት፣ «እመቤታችን ማርያም ሆይ» ብለው ቀጠሉ።

ክፋት አልነበረም፤ ጸሎቱ በአፋቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲያ ተያይዞ የሚሄድ ነው። ጋሽ ታምሩ ግን ቃል ወደ ሰጧቸው ሰው ዞሩ። እኔም የአባ ተስፋን ከንፈር አየሁ። አይንቀሳቀስም። የገዛ ምእመኖቻቸው፣ አለቃቸው ጭምር፣ እየጸለዩ፣ እሳቸው ከኛ ጋር ዝም ብለው ቆመዋል። አለቃቸውም አዩአቸው። ይህ ሰው ወይ እጅግ ታማኝ ነው፣ ወይ እጅግ ተንኮለኛ ነው አልኩ በልቤ።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋ ነበር። የአቧራውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ጋሽ ታምሩ «ሰውየውን አምነዋለሁ» አሉኝ፤ አባ ተስፋን ማለታቸው ነው። «ያለበትን ቤት ግን አላምነውም። ነገ እሱ ይነሣና ሌላ ይመጣል። ያኔ እኛ ‹የተመለሱት ልጆች› ሆነን እንቀራለን።»

ከፋሲካ በፊት አዳራሹን ለቀቅን። በእናቴ ግቢ፣ ዳሱ በነበረበት፣ ቀርከሃ አጥብቀን አዋቅረን፣ ጭቃ መርገን፣ ጣሪያውን ሣር ከድነን የራሳችንን ቤት ሠራን። አንዳንዶቻችን ከፍቷቸዋል። ሕፃን ልጇ የዳነላት እናት «ሞኝነት ነው፤ ሰዎቹ በድለውን አያውቁም» ብላ ለጥቂት ጊዜ ቀርታ ነበር። ጋሽ ታምሩ አልወቀሷትም። ክሊኒካቸው ስንታመም መሄዳችንን አልተውንም፤ እነሱም እኛን ማከም አልተዉም።

አባ ተስፋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በሚያዝያ ነው። ወደ ቆላው ወገን ተዛውረው ሊሄዱ ነበርና እናቴን ሊሰናበቱ መጡ። ዝውውሩ በጥር ከሆነው ነገር ጋር የተያያዘ ይሁን አይሁን አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ካህናት ይዛወራሉ። ቢሆንም ጠርጥሬአለሁ።

እናቴ የገብስ ቆሎ አቀረበችላቸው፤ ከጭብጣቸው እየቆረጠሙ በአዊኛ ብዙ ተጫወቱ። ሊነሡ ሲሉ «ይጸልዩልኝ» አሏት። እናቴ እንዲህ ተብላ አታውቅም። ካህን ፊቷ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ደነገጠች፤ ከዚያ አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ በቋንቋዋ ጸለየችላቸው፤ መንገዳቸውን፣ ሙቀቱን፣ ወባውን ሁሉ ዘርዝራ። ስትጨርስ እሳቸውም ጸለዩላት፤ በኢየሱስ ስም።

እኔ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ሆዴ ውስጥ የከረመ ጥያቄ ነበርና እዚያ አወጣሁት።

«አባ፣ ያን ቀን ‹አባታችን ሆይ› ካልን በኋላ፣ ሰዎችዎ ሲቀጥሉ፣ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

«ቃል ሰጥቼ ነበራ።»

«ለኛ ብለው ትተውት ነው?»

ቦት ጫማቸውን በድንጋይ ላይ እየጠረጉ ፈገግ አሉ። «ቃል የሰጠሁት በአፌ ነው፤ በአፌ አላልሁትም። በልቤ ግን እስከ መጨረሻው ብየዋለሁ። ይህን ደብቄሽ ብሄድ ዋሽቼሻለሁ።»

ይህን ብለው፣ ከባርኔጣቸው ላይ ካፊያውን እያራገፉ ሄዱ። ከኋላቸው ብዙ ቆምሁ። እንደፈራሁት ነበር፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ልባቸው ወደኛ አንድ ስንዝር አልመጣም። ደግሞም እንዳልፈራሁት ነበር፤ መምጣቱን አላስመሰሉም።

አሁን ዳንግላ፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሳስብ ሰነበትሁ። ናሆም ያን ዘመን አላየም። ለሱ እንጠርጥር ማለት እንጥላ ማለት ነው። እኔ ግን ካቶሊኮችን ጠልቼ አላውቅም፤ ለተፈናቀለ እህል አብረን እንስፈር ቢሉኝ እጅጌዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ሰው የሚለያይበትን ነገር ሳይናገረው ሲተቃቀፍ፣ ያልተነገረው ነገር መካከል ላይ ቆሞ ይቀራል። ጊዜውን ጠብቆ አንዱ ይነሣና ስም ያወጣልሃል፤ የተመለሰ ልጅ ይልሃል፣ ወይም ደግሞ ከኛ ወገን አንዱ ይነሣና እነሱን በስብከቱ ጣዖት አምላኪ ሲላቸው ሰዉ ያጨበጭብለታል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ከጋሽ ታምሩ ጥርጣሬ ይልቅ የሁለቱ ጭብጨባ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ረቡዕ ዕለት ኔትወርኩ መጣ ሲሉኝ ለናሆም ደወልሁ።

«እማማ! እሺ አሉ ማለት ነው?» አለኝ።

«መጀመሪያ መልስልኝ። የሚናገሩት እንግዶች እነማን ናቸው? እኛንስ ምን ብለው ነው የሚጠሩን? እኛስ እነሱን ምን ብለን ነው የምንጠራቸው? ‹አባታችን ሆይ› ተብሎ ሲያልቅ ማን ይቀጥላል፣ ማን ያቆማል? ይህን ከወዲሁ ተነጋግራችሁበታል?»

«እማማ፣ እነዚህ እኮ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ዋናው ፍቅሩ ነው።»

«ትንንሽ ከሆኑ መጠየቃቸው ምን ይከብዳል ልጄ? ከነጥያቄዬ ከተቀበሉኝ እመጣለሁ፤ ጸሎቱንም እከፍታለሁ። ‹ጥያቄሽን ቤትሽ ትተሽ ነይ› የምትሉኝ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«አጣርቼ እደውልልዎታለሁ» አለኝ።

ጸሎቱ ነገ፣ እሑድ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ኔትወርኩም አልጠፋም። እስካሁን አልደወለም።